ምዕራፍ 7፦ በስስ አየር የሚናገር ሳጥን

ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ላይ የተከፈተ ስፒከር ለንደን ውስጥ ከተከፈተው ጋር አንድ አይደለም። ፋብሪካው አንድ፣ ሞዴሉ አንድ፣ አምፕሊፋየሩም አንድ ቢሆን እንኳ አንድ አይደለም። ምክንያቱ አየሩ ነው። ከባሕር ወለል እኩል በሆነ ቦታ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ነፋስ መውጫ ያለችው ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ያው አንድ ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ጎድሏል ማለት ነው። የጉና ተራራን ዳገት የወጣ ሰው ይህን በሳንባው ያውቀዋል፤ ስፒከር ደግሞ በወረቀቱ ያውቀዋል።

የድሮ ስፒከርን ስለማደስና ስለማሻሻል የተጻፉት መመሪያዎች በብዛት የመጡት ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከጃፓን ነው። የሳጥኑ ስፋት፣ የቱቦው ርዝመት፣ የሚጎዘጎዘው ሱፍ መጠን ሁሉ የተሰላው በወፍራም አየር ነው። በዚህ ምዕራፍ መመሪያውን ወደ ደጋ እናወጣዋለን። የመረጥሁት ቦታ ምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር ነው፤ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ። አንዱ ምክንያቴ ከፍታው ነው። ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው ግን ጆሮው ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባ ሁለቱም በጋይንት ምድር ይገኛሉ። በማይክሮፎን ያላለፈ የሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ከየትኛውም መለኪያ የተሻለ የስፒከር ዳኛ ነው። ወደዚህ ኋላ ላይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ዕቃውን እንፍታው።

ወረቀት፣ ማግኔትና ሳጥን

እ.ኤ.አ. በ1925 ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች አንድ ጽሑፍ አወጡ። የገለጹት ዕቃ ቀላል ነበር። በማግኔት ጠባብ ክፍተት ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ይቀመጣል፤ ሽቦው ከወረቀት ሾጣጣ ጋር ይጣበቃል፤ ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲመላለስ ሾጣጣው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አየሩም አብሮት ይነቃነቃል። ዛሬ መርካቶ የሚሸጠው ስፒከር አብዛኛው በዚሁ መርህ የሚሠራ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም መሠረቱ አልተናጋም፤ ለዚህም ነው የድሮውን ስፒከር ከፍቶ ማደስ የሚቻለው። የሞባይል ስልክን ያህል የተደበቀ ነገር የለውም።

ችግሩ ያለው በሾጣጣው ጀርባ ነው። ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣ ከኋላው ያለው ይሳሳል። ሁለቱ በወረቀቱ ጠርዝ ዞረው ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ በተለይ ቤዝ የምንለው ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ከሳጥኑ የወጣ ዉፈር (የቤዙ ስፒከር) ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ጩኸቱ ቀጭንና ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሳጥን የሚሠራው ከጀርባ የሚወጣውን አየር ለመግታት ወይም መልክ ለማስያዝ ነው። ጀርባቸው ክፍት የነበረው የጥንት ራዲዮግራሞች ቤዛቸው የሳሳው፣ ወደ ማእዘን ሲጠጉ የሚሻላቸውም ለዚሁ ነው።

እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ ጥልቅ ቤዝ የፈለገ ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል ሳጥን መሥራት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ ኤአር-1 የተባለውን ስፒከር ይዞ ብቅ አለ። ዉፈሩ እጅግ ልል ሆኖ ተሠራ፤ ሳጥኑ አየር እንዳያስወጣ ታሸገ፤ ወረቀቱን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ በውስጥ የታፈነው አየር ሆነ። ሌላው መንገድ ሳጥኑ ላይ ቱቦ አበጅቶ የጀርባውን አየር በተወሰነ ድምፅ ላይ ከፊቱ ጋር ማስማማት ነው። የዚህን ስሌት በደንብ ያደራጁት ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። ከእነርሱ በፊት የነበሩት ሠሪዎች በጆሮና በልምድ ይሠሩ ስለነበር፣ ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራ ባለ ቱቦ ሳጥን ቢሻሻል ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። የታሸጉት ግን በዘመናቸውም በደንብ የተሠሩ ናቸው።

ከፍታው ምን ያደርጋል?

በ3,000 ሜትር ላይ ሦስት ነገር ይለወጣል፣ አንድ ነገር አይለወጥም።

መጀመሪያ ድምፁ ይቀንሳል። ወረቀቱ ያንኑ ያህል ቢነቃነቅም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ጆሮ የሚደርሰው ግፊት ወደ 2.6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ይህ ለጆሮ ብዙ አይመስልም። ለአምፕሊፋየሩ ግን ብዙ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ በ10 ዋት የሚገኘውን ድምፅ ነፋስ መውጫ ላይ ለማግኘት ወደ 18 ዋት ያስፈልጋል። አዲስ አበባም ብትሆን በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ሁለት ዴሲቤል ያህል ታጣለች።

ሁለተኛው የታሸገ ሳጥን የሚሰማው ለውጥ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚማርከኝ እርሱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ሞላ ነው ብለናል። የሞላው ጥንካሬ የሚወሰነው በአየሩ ግፊት ነው፤ በ3,000 ሜትር ያ ግፊት ከባሕር ወለሉ 69 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 50 ሊትር የሚይዝ ሳጥን ነፋስ መውጫ ላይ 72 ሊትር እንደሚይዝ ሆኖ ይሠራል። አናጺ ሳይነካው ሰፋ ማለት ነው። በቁጥር እንየው። ብቻውን በ20 ሄርዝ ላይ የሚርገበገብ ልል ዉፈር በባሕር ወለል ላይ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ወደ 40 ሄርዝ ከፍ ቢል፣ ያው ዉፈርና ያው ሳጥን ጋይንት ደጋ ላይ ወደ 35 ሄርዝ ይወርዳል። ቤዙ ጠለቅ ይላል፤ እብጠቱም ይረግባል። «ይህ ስፒከር ቤዙ ያብጣል» እየተባለ በውጭ መጽሔቶች የተወቀሰ የታሸገ ሳጥን በእኛ ደጋ ረጋ ብሎ ሊሰማ ይችላል። ጠባብ ሳጥን ያላቸውን የታሸጉ የድሮ ስፒከሮች መብራት ላለው የደጋ ሰው ያለ ማመንታት የምመክረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ስስ አየር የሽቦውን ጥቅል በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ስፒከሩ ላይ የተጻፈውን የዋት ጣሪያ ደጋ ላይ እስከ ጫፉ መሞከር ሽቦውን ማቃጠል ነው።

የማይለወጠው የቱቦው ቅኝት ነው። ቱቦ በየትኛው ድምፅ ላይ እንደሚነፍስ የሚወስኑት የሳጥኑ መጠን፣ የቱቦው ስፋትና ርዝመት፣ እንዲሁም የድምፅ ፍጥነት ናቸው። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ የሚከተለው ከፍታን ሳይሆን ሙቀትን ነው፤ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በ10 ዲግሪ 337 ሜትር። ልዩነቱ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስፒከሩ ደጋ ስለወጣ ብሎ ቱቦውን መቁረጥ ትርጉም የለውም።

ባለ 12 ቮልቱ ቤት

አሁን ወደ ገጠሩ ቤት እንግባ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ከዚያም የካሴት ቴፕ ለብዙ ዘመን የቤቱ ድምፅ ሆነው ኖረዋል። ዛሬ መብራት ያልደረሰበት ቤት በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ ከመደቡ ሥር ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ከባትሪው ላይ የመኪና ቴፕ፣ ከቴፑ ላይ ደግሞ በችፑድ ሳጥን የተገጠመ የመኪና ስፒከር መኖሩ በአገራችን ገጠር የተለመደ ነው። ዘፈኑና መዝሙሩ በገበያ ቀን በሚሞሪ ወይም በፍላሽ ተጭኖ ይመጣል።

ይህ አነስተኛ ኃይል ነው። 12 ቮልት በሚያገኝ አምፕሊፋየር 8 ኦም ስፒከር ላይ በእርግጥ ሊወጣ የሚችለው ከ6 እስከ 8 ዋት ነው። የቴፑ ፊት ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ቢጻፍም ፊዚክሱ አይፈቅድም። በዚህ ኃይል የሚገኘውን ድምፅ የሚወስነው እንግዲህ ስፒከሩ ነው።

ዘመናዊ ትንሽ ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 85 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። በመብራት አምፖል መሰል ቱቦዎች ይሠሩ ለነበሩት ደካማ አምፕሊፋየሮች ዘመን የተሠራ፣ ሰፊና ቀላል ወረቀት ያለው ስፒከር ግን 94 ሊደርስ ይችላል። የ9 ዴሲቤል ልዩነት ስምንት እጥፍ ኃይል ነው። ባትሪው የሚሰጠው 7 ዋት በድሮው ስፒከር ላይ፣ በዘመናዊው ላይ 56 ዋት እንደ ማለት ነው። የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ ለሚያሳስበው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን በነጻ አይደለም። አንቶን ሆፍማን የተባለው፣ ከኬኤልኤች ኩባንያ መሥራቾች አንዱ፣ በስሙ የሚጠራ ሕግ አለው፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ ከፍተኛ ድምፅ በትንሽ ኃይል፤ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ መምረጥ ይቻላል። የለንደንና የቶኪዮ ጠባብ አፓርታማ ትንሹን ሳጥን መረጠ፤ ገበያውም በእርሱ መንገድ ሄደ። ገጠር ለሚኖር፣ ቦታ እንጂ ኃይል ለማይበዛለት ሰው ምርጫው ሌላ ነው። ሳጥኑ ይስፋ።

በሌላው ዓለም ሰፊው ሳጥን በፋሽንም ተመልሷል። ጄቢኤል እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣውን ኤል100 ስፒከር እ.ኤ.አ. በ2018 መልኩን ጠብቆ ደገመው፤ ዋርፍዴል ሊንተን የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2019 መለሰው። እነዚህ ውድ ናቸው፤ ለእኛ አንባቢ የሚጠቅመው ሐሳባቸው ነው። የመጀመሪያው ኤል100 ድምፁን ለዉፈሩና ለትዊተሩ (ለቀጭኑ ድምፅ ስፒከር) የሚያከፋፍልበት ክሮስኦቨር በጣም ጥቂት ዕቃ ብቻ የነበረው፣ ዉፈሩንም ያለ ምንም ማጣሪያ የለቀቀ ነበር። እንዲህ ያለው ቀላልነት ለጠጋኝ ምቹ ነው፤ ለማሻሻልም በቂ ቦታ ይተዋል።

ለሠርግና ለንግሥ የሚወጣው ሞንታርቦ በዚህ ምዕራፍ አይገባም። እርሱ ድምፅን ሜዳ ላይ ለማራቅ የተሠራ ነው፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር ቤት ውስጥ ማስገባቱ ጆሮን መጉዳት ነው።

ከፍቶ ማየት

የአሮጌ ስፒከር እድሳት የሚጀመረው በካቻቢቴ ሳይሆን በጣት ነው። የዉፈሩን ወረቀት ከመሃሉ ቆብ ግራና ቀኝ እኩል ይዘው በቀስታ ይግፉት። ሲሄድ የመፋቅ ድምፅ ካለው የሽቦው ጥቅል ማግኔቱን እየነካ ነው፤ እንዲህ ያለውን በቤት ማዳን ከባድ ነው። ሳጥኑ የታሸገ ዓይነት ከሆነ የተገፋው ወረቀት ወደ ቦታው በዝግታ መመለስ አለበት። ቶሎ ዘሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ይተነፍሳል፤ ቀዳዳውን ፈልጎ በኮላ ወይም በማስቲሽ መድፈን ከየትኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ቤዝ ይመልሳል። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ካፓሲተር ለመግዛት ይሮጣል።

ቀጥሎ ጠርዙ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብዙ ፋብሪካዎች የወረቀቱን ጠርዝ በስፖንጅ ይሠሩት ነበር። ስፖንጅ በብርሃን፣ በሙቀትና በርጥበት ይበሰብሳል፤ ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይረግፋል። የጨርቅና የጎማ ጠርዝ ግን ይቆያል። የበሰበሰውን ስፖንጅ ጠርጎ አዲስ መለጠፍ ትዕግሥት እንጂ ልዩ እውቀት አይጠይቅም፤ ዋናው ነገር ኮላው እስኪደርቅ ወረቀቱ መሃሉን እንዳይለቅ መጠበቅ ነው። ተስማሚ ጠርዝ ከሌለ በመጀመሪያዎቹ የስፒከር ዘመናት እንደነበረው በደንብ የለፋ፣ በጣም ስስ የበግ ሌጦ ያገለግላል። ሌጦው ከደረቀ ግን ዉፈሩን ይይዘዋል፤ ልል ሆኖ መቅረት አለበት።

ከዚያ ክሮስኦቨሩ ይመጣል። በድሮ ስፒከሮች ውስጥ የምናገኛቸው ካፓሲተሮች ዕድሜ ሲገፋ ዋጋቸው ይለወጣል። ስንለውጣቸው የማይክሮፋራዱን ቁጥር መጠበቅ ግድ ነው። በ8 ኦም ትዊተር ላይ ያለ 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ4,200 ሄርዝ በታች ያለውን እየቀነሰ ይመልሳል። «ትልቅ ይሻላል» ብሎ 10 ማይክሮፋራድ ያስገባ ሰው ገደቡን ወደ 2,000 ሄርዝ አወረደው፤ ያ ትዊተር ብዙ አይቆይም። ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። አሮጌው ካፓሲተር የራሱ ትንሽ ተቃውሞ ነበረው፤ ሠሪው ትዊተሩን የመዘነው ያንን ጨምሮ ነው። በአዲስ የፕላስቲክ ካፓሲተር ሲተካ ተቃውሞው ስለሚጠፋ ትዊተሩ ትንሽ ይጮኻል። ከግማሽ እስከ አንድ ኦም የሚሆን ሬዚስተር በተከታታይ ቢበየድ የቀድሞው ሚዛን ይመለሳል። ጆሮ ላይ የሚወጋ «እድሳት» ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ሽቦዎቹን ሲመልሱ የሁለቱ ስፒከሮች አቅጣጫ አንድ መሆኑን በአንድ የባትሪ ድንጋይ ማረጋገጥ ይቻላል። የድንጋዩ አዎንታዊ ጫፍ ከስፒከሩ አዎንታዊ ጋር ለአፍታ ሲነካ የዉፈሩ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል። አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ የሁለቱ ቤዝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ዘፋኙም መሃል ላይ መቆሙን ትቶ በቤቱ ውስጥ ይበተናል። ለገመዱ ተራ የቤት መብራት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ለአምስት ሜትር ርቀት ከበቂ በላይ ነው። በገመድ ላይ ገንዘብ የሚያፈስሰውን ሰው አልደግፈውም፤ ገንዘቡ ሳጥኑ ላይ ይዋል።

ሳጥኑን እንደ አዲስ የሚሠራ ሰው ዋንዛ ያምረዋል። ከበሮ የሚፈለፈልበት እንጨት ነውና ድምፅ ያለው ይመስላል። ነገር ግን ከበሮው እንዲናገር እንፈልጋለን፤ ሳጥኑ ግን ዝም እንዲል። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወይም ችፑድ በመሃሉ መወጠሪያ እንጨት ገብቶበት ይበልጣል። የእንግሊዙ ዋርፍዴል መሥራች ጊልበርት ብሪግስ በሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ መካከል ደረቅ አሸዋ ይሞላ ነበር፤ አሸዋው የግድግዳውን ንዝረት ይበላዋል። አሸዋ ደግሞ ከበሺሎ ዳር እስከ ጉና ሥር ከሚወርዱት ወንዞች የሚገኝ ነው፤ በፀሐይ በደንብ መድረቅና በወንፊት መነፋት ብቻ አለበት።

የሳጥኑን ሆድ የሚሞላው ነገር ላይ ግን ደጋው ዕድለኛ ነው። በዓለም ላይ የስፒከር ሠሪዎች ከሚያከብሩት ሙሌት አንዱ ክሩ ረጅም የሆነ የበግ ሱፍ ነው። የሱፉ ክሮች በሳጥኑ ውስጥ የሚላተመውን አየር ያዘገያሉ፣ ሙቀቱንም ይቀባበላሉ፤ በዚህም ሳጥኑ ከመጠኑ በጥቂቱ ሰፍቶ ይሠራል። የፋርጣ በግ ካለበት አገር ከውጭ የሚመጣ ፋይበር መግዛት አያስፈልግም። ሱፉ በሙቅ ውኃና በሳሙና ቅባቱ እስኪለቅ ይታጠባል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በእጅ ይፍታታል። ለአንድ ሊትር ከ8 እስከ 16 ግራም ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ50 ሊትር ሳጥን ከ400 እስከ 800 ግራም። እኔ ለደጋ ዝቅተኛውን እመርጣለሁ፤ አየሩ ሳጥኑን አስቀድሞ አስፍቶታልና ብዙ ሱፍ ቤዙን ያደርቀዋል። ባለ ቱቦ ሳጥን ከሆነ ሱፉ የቱቦውን አፍ እንዳይዘጋ፣ ብልም እንዳይገባበት መጠንቀቅ ይገባል።

ቤቱ ራሱ

ከስፒከሩ ቀጥሎ ትልቁ መሣሪያ ቤቱ ነው። ጭቃ ምርጊት ያለው ግድግዳ ቤዙን ይይዘዋል። የሳር ክዳን ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፣ ስለዚህ በሳር ቤት ውስጥ ስፒከር ለስለስ ብሎ ይሰማል። የቆርቆሮ ክዳን ግን ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፤ ሲዘንብ ደግሞ ማዳመጥ አይታሰብም። ከቆርቆሮው በታች የተወጠረ የአቡጀዲ ኮርኒስ ከላዩ የአየር ክፍተት ስላለው ይህን ጩኸት በእርግጥ ይቀንሳል። ባና ከስፒከሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ደግሞ ውጤቱ ወዲያው ይሰማል።

አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል በ42 ሄርዝ አካባቢ የራሱን ድምፅ ያሰማል፤ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ስለሆኑ ያ ድምፅ እጥፍ ይጎላል። ስፒከሩን ከማእዘን ማራቅ፣ አድማጩም ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መቀመጡ ይረዳል። ሙከራው ገንዘብ አያስወጣም፤ ግማሽ ሜትር መግፋት አንዳንዴ ከአዲስ ዕቃ ይበልጣል።

ምን እናዳምጥ?

የእንግሊዙ የቢቢሲ መሐንዲሶች ስፒከር ሲመርጡ ከሚጠቀሙበት ዋና መፈተኛ አንዱ የሰው ንግግር ነበር። ሰውየው ስቱዲዮ ውስጥ ይናገራል፣ በሌላ ክፍል ስፒከሩ ይናገራል፣ አድማጩ ይመላለሳል። ከስቱዲዮ ውጭ ለሚያሰራጩ መኪኖች የተሠራው ትንሹ ኤልኤስ3/5ኤ ስፒከር ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ድምፅ የሰው ድምፅ ስለሆነ ስሕተቱን እንለየዋለን። ጊታር በስፒከር ቢዛባ ብዙዎቻችን አናውቅም፤ የእናታችን ድምፅ ቢዛባ ግን ወዲያው እናውቃለን።

ጋይንት ውስጥ ይህ ፈተና ከየትም ይልቅ ጥልቅ ሊሆን ይችላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ካደራጁት የዜማ ምልክት ጀምሮ የድጓ ተማሪ ድምፅን በክፍልፋይ እየለየ ያድጋል። ከምልክቶቹ ሦስቱን ብቻ እንኳ ስፒከር ለመዳኘት ብንወስዳቸው በቂ ነው። ደረት ሲመጣ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ከደረት ይወጣል፤ ሳጥኑ የሚያብጥ ከሆነ እዚህ ላይ መምህሩ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስላል። ርክርክ ሲመጣ ድምፁ በትናንሽ እርከን ይረገረጋል፤ እርከኖቹ ተለይተው ካልተሰሙ ዉፈሩና ትዊተሩ በሚገናኙበት ቦታ ችግር አለ። ቁርጥ ሲመጣ ድምፁ በድንገት ይቆማል፤ ድምፁ ከቆመ በኋላ ሳጥኑ የሚያንቋርር ከሆነ ግድግዳው መወጠሪያ ይፈልጋል። የመለኪያ ማይክሮፎን ሦስቱንም በግራፍ ያሳያል። የድጓ ተማሪ ግን ያለ ግራፍ ይነግርዎታል።

ማኅሌት ደግሞ ለሰፊው ክልል ነው። ከበሮው ቤዙን፣ የሊቃውንቱ ድምፅ መሃሉን፣ ጽናጽሉ ከላይ ያለውን ቀጭን ክልል ይሸፍናል። ጽናጽሉ እንደ ብረት ፍንጥርጣሪ ሳይሆን እንደ ፉጨት «ስስስ» ካለ ትዊተሩ ወይም ፋይሉ ደካማ ነው። በገና በእንዝራው መንዘር ምክንያት ከአንድ አውታር እልፍ ድምፆችን ስለሚያወጣ የመሃሉን ክልል ከእርሱ የበለጠ የሚያጋልጥ መሣሪያ አላውቅም። ከዓለማዊው በኩል አንድ ባለ ማሲንቆ አዝማሪ፣ ብቻውን፣ ያለ ኪቦርድ ቢገኝ ይበቃል።

ቀረጻው ራሱም ይታይ። አዝማሪ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 አካባቢ በጀርመን የቀረጻቸው ሸክላዎች በቀንድ መሰል ጡሩምባ የተቀዱ ስለሆነ ጥልቅ ቤዝም ረቂቅ ትሬብልም የላቸውም፤ በእነርሱ ስፒከርን መፈተን አይቻልም። አሳታሚው አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች ከዚያ እጅግ የተሻሉ ናቸው። ወደ ገጠር ሲደርሱ ግን ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሌላ ካሴት፣ ከዚያ ወደ ሚሞሪ ተገልብጠው ነው። በእንዲህ ያለ ቅጂ ላይ አዲስ ሹል ትዊተር የካሴቱን ፍሽታ ከዘፈኑ በላይ ያጎላዋል። የወረቀት ትዊተር ያለው የድሮ ስፒከር ግን ጫፉ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ዘፋኙን ያስቀድማል። ለዚህ አገር የድምፅ ክምችት የድሮ ስፒከር የበለጠ ተስማሚ ነው ስል ናፍቆት አይደለም፤ ቅጂዎቹና ስፒከሮቹ የአንድ ዘመን ልክ ስለሆኑ ነው።

የማሻሻል ሥራ አንድ በአንድ ይሁን። ቀዳዳ ከደፈኑ በኋላ ያዳምጡ፤ ካፓሲተር ከለወጡ በኋላ ያዳምጡ፤ ሱፍ ከጨመሩ በኋላ ያዳምጡ። ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱን ብቻ አስቀድሞ ማሻሻልና ከሌላው ጋር እያፈራረቁ መስማት ትክክለኛው መንገድ ነው። ያልተለወጠው ጎን ምስክር ሆኖ ይቀመጣል። የድምፁን ከፍታ እኩል ማድረግን አይርሱ፤ በትንሹ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ያታልላል።

ስፒከር ለሚያድስ አንባቢ አንድ ልመና አለኝ። ያደረጉትን ለውጥ በወረቀት ጽፈው ከሳጥኑ የኋላ ክዳን በውስጥ በኩል ይለጥፉት፦ የካፓሲተሩን ቁጥር፣ የጨመሩትን ሬዚስተር፣ የሱፉን ክብደት፣ ዓመቱን፣ የቦታውንም ከፍታ። ነቅለው ያወጡትን ዕቃ አይጣሉት፤ ስም ጽፈውበት ያስቀምጡት። ያ ሳጥን ነገ ከነፋስ መውጫ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ መተማ ቆላ ሊወርድ ይችላል፤ የሚከፍተው ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።